ለሹፌሩ ያልገባ ስሌት

ባለፈው ጥር ሥራ አቆምኩ። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል፣ እዚህ አገር ለእኛ ለውጭ ሰዎች ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜህ ስልሳን ሲያልፍ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ የሚያበቃበትን ቀን ይነግሩሃል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ኸላስ፣ በቃ። የእኔ ኬክ ላይ የቴምር ዛፍ ተስሎበት ነበር። ሠሪው የቴምር ዛፍ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ለእኔ ጥቅል ጎመን ነው የመሰለኝ። እንዲያም ሆኖ ሁለት ቁራሽ በላሁለት።

የአገር ሰው "ዓረብ አገር ምን ስትሠራ ኖርክ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ሹፌር ነበርኩ" እላለሁ። እውነቴን ነው፤ የገባሁት በሹፌር ወረቀት ነው። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያሳለፍኩት የዘረመል መቀላቀል ለዝግመተ ለውጥ ምን እንደሚያደርግ በሂሳብ በማስላት ነው። ይህን ሰላምታ ላይ ቆሞ ማስረዳት ስለማይመች ሹፌርነቱን አስቀድማለሁ። አሁን ጊዜ ስላገኘሁ ሌላውን ልጻፈው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ቀድማኝ መጥታ አቡ ዳቢ፣ አል ካራማ ውስጥ በአንድ ቤት ልጆች ታሳድግ ነበር። የቤቱ ሹፌር አገሩ ሲገባ ማዳሟን "ባሌ መንዳት ያውቃል" አለቻቸው። የማውቀው የአጎቴን አይሱዙ ነበር። መጣሁና የቤቱን ልጆች ትምህርት ቤት ማመላለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ሆነ። ደግ ሰዎች ነበሩ። ልጆቹ አድገው ራሳቸው መንዳት ሲጀምሩ ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ያለ ሥራ አልተዉኝም፤ አል ዐይን ውስጥ የቴምር ምርምር የሚሠራ አንድ ተቋም አስቀጠሩኝ።

የመኪና ክፍሉ አለቃ ከኪሎ ሜትር በቀር ስለ ምንም የማይናገሩ ግብፃዊ ነበሩ። ጠዋት ሲያገኙኝ እንደምን አደርክ ሳይሉ "ትናንት ስንት ነዳህ?" ነበር የሚሉኝ። የሰጡኝ ሥራ ዶክተር ኢህሳን የሚባሉትን ተመራማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ከአቡ ዳቢ ቤታቸው ወደ አል ዐይን ማድረስና መመለስ ነበር። "ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ያወራሉ፤ አንተ ዝም ብለህ ንዳ" ብለው አስጠነቀቁኝ።

ዶክተር ኢህሳን ሱዳናዊት ናቸው። አጭር፣ ፈጣን፣ እርሳሳቸውን በልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ሰክተው መኪናውን ሙሉ የሚፈልጉ ሰው። ወሬው እውነት ነበር፤ ከቤታቸው በር እስከ አል ዐይን አንድ ሰዓት ተኩል በስልክ ያወሩ ነበር። እኔ ለሦስት ወር ያህል እንደታዘዝኩት ዝም ብዬ ነዳሁ።

አንድ ማለዳ ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ከረዳታቸው ጋር ሲነጋገሩ፣ ሁለት ባሕርያት አብረው የመገኘታቸው ነገር በየትውልዱ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ ሰማሁ። ረዳቱ "ስለዚህ ከዐሥር ትውልድ በኋላ የሚቀረው ከሃያው አንዱ ይሆናል" አለ። ይኼ ኮምቦልቻ ዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ የማርመው ስህተት ነበር። ሁለትን በዐሥር ማባዛትና ሁለትን ዐሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ያምታታባቸዋል። አፌ አመለጠኝ።

"ከሺህ አንድ ነው" አልኩ።

ዶክተር ወዲያው ስልኩን ዘጉት።

"ምን አልክ?"

"ይቅርታ ዶክተር፣ መናገር አልነበረብኝም።"

"መናገርህን አልጠየቅኩህም። ያልከውን ድገመው።"

"ከሺህ አንድ። ትክክለኛው ከሺህ ሃያ አራት አንድ ነው።"

"ማን አስተማረህ?"

"እኔ ነበርኩ የማስተምረው" አልኳቸው።

በመስተዋቱ ሳያቸው እየሳቁ ነው። "ያ ኡስታዝ፣ ሦስት ወር ሙሉ በነጻ ስታዳምጠኝ ኖርክ ማለት ነው" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ኡስታዝ ሆነ፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ “ያ” የዓረብኛ መጥሪያ ነው። ሰይድ ብለው የጠሩኝ የኢቃማ ወረቀት ሲሞሉ ብቻ ነው።

ደንብ አወጡ። አዲስ ስሌት የያዙ ቀን ከአቡ ዳቢ ስንወጣ ይጀምሩልኛል፤ መንገዱ ላይ ያሉት ቀይ የአሸዋ ክምሮች ጋ እስክንደርስ ለእኔ ግልጽ ካልሆነ ወረቀቱ ይጣላል። ማስመሰል አይቻልም፤ መልሼ እንዳስረዳቸው ያዙኛል። ብዙ ጊዜ አስቸጋሪው ለእኔ መረዳቱ ሳይሆን ለእሳቸው በግልጽ መናገሩ ነበር። "ኡስታዝ፣ ሹፌሬ ካልገባው እኔም አልገባኝም ማለት ነው" ይሉና ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። መጀመሪያ ላይ ያሳዝነኝ ነበር፤ በኋላ ግን ሲቀዱት አብሬ መሳቅ ለመድኩ።

ነገሩ ይህ ነው። የቴምር ዛፍ እንደ እንሰትና እንደ ሙዝ ከእናቲቱ ግርጌ ከሚወጣ ቀንበጥ ይተከላል። ቀንበጡ የእናቱ ግልባጭ ነው፤ ጣዕሙም ያው፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ያው። ቴምሩ ውስጥ ካለው ጠንካራ ፍሬ ካበቀልከው ግን የእናትና የአባት ዘረመል ተቀላቅሎ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ግማሹ ወንድ ይሆናል፣ አያፈራም። ስለዚህ ገበሬው ከፍሬ አይተክልም። የዶክተር ጥያቄ፣ እንዲህ ሳይቀላቀል ለብዙ ትውልድ የኖረ ዛፍ መጨረሻው ምን ይሆናል የሚል ነበር።

እኔ በመምህርነቴ ነው የገባኝ። አንድ ተማሪ ከሌላው ይገለብጣል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። የመጀመሪያው ስህተት እንዳለ ይወርዳል፣ በየመንገዱም አዲስ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስም። ነገር ግን ከአንዱ ወረቀት የላይኛውን ግማሽ፣ ከሌላው የታችኛውን ግማሽ ወስደህ ብታገናኝ፣ አንዳንዴ ከሁለቱም የጠራ ወረቀት ይወጣል። ይህን ስነግራቸው መኪናውን አስቆሙኝና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ከአንድ ዓመት በኋላ ረዳታቸው እንድሆን ጠየቁ። አስተዳደሩ "ሹፌር በየትኛው መደብ?" እያለ ብዙ ወረቀት አመላለሰ። በመጨረሻ ሁለቱንም እንድሆን ተፈቀደ፤ የመኪና ክፍሉ አለቃም "ኪሎ ሜትሩ እንዳይጎድል እንጂ" ብለው ፈረሙ።

ቢሯችን አል ዐይን፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ቪላ ነበር። በአርባ አራት ዓመቴ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት እዚያ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዶክተር ግን ኮምፒውተር ሳያስነኩኝ ወር ሙሉ ዶቃ አስያዙኝ። ጥቁርና ነጭ ዶቃ በሁለት ክር ላይ ትደረድራለህ፤ አንዱ ክር የእናት፣ ሌላው የአባት ክሮሞዞም ነው። ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለህ፣ ዕጣ ትጥላለህ፣ ዕጣው ባሳየህ ክፍተት ሁለቱንም ቆርጠህ ጫፋቸውን ታቀያይራለህ። ያ የልጅ ክር ነው። ከዚያ የትኛው ልጅ እንደሚያፈራ፣ የትኛው እንደሚደርቅ ትመርጣለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ሃያ ትውልድ ለመድረስ አንድ ቀን ይፈጃል። ጣቴ እስኪደነዝዝ ሠራሁት።

"ማሽን ይህን በዐይን ጥቅሻ ይሠራዋል" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አዎ። ሲሳሳትም በዐይን ጥቅሻ ነው። መጀመሪያ ትንሿን በእጅህ ሥራ፤ ከዚያ ማሽኑን ያቺኑ ትንሿን አሠራው። ሁለቱ ካልገጠሙ ትልቁን አትጀምር።"

ይህን ምክር ሰምቼ ነበር። በደንብ ሰምቼ ነበር።

ልኬት የምንወስደው እዚያው አል ዐይን፣ አል ቃጣራ ሰፈር ውስጥ ከአቡ ራሺድ እርሻ ነበር። አቡ ራሺድ ያኔ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሸይባ፣ ሽማግሌ ነበሩ። ከእርሻቸው አንድ ጥግ ላይ አባታቸው ከፍሬ ያበቀሏቸው ሠላሳ አንድ ዛፎች ነበሯቸው። ከፊሉ ወንድ ነው፣ የቀረውም አንዱ መራራ፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ግመል እንኳ የማይበላው ያፈራል። ጎረቤት ይስቅባቸዋል። ልጆቻቸው ደግሞ ጥጉን አስጠርገው ጥሩ ዘር መትከል ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ክንዴን ያዙና "ያ ሰይድ፣ ያንተን ኮምፒውተር ጠይቅልኝ፤ ይህ ጥግ ጥቅም አለው ወይስ የለውም?" አሉኝ።

ጥያቄው ኮራ አደረገኝ። ዶክተር በዚያን ሰሞን እህታቸው ታመውባቸው ካይሮ ነበሩ። የአቡ ራሺድን እርሻ የሚመስል ሞዴል ለብቻዬ ሠራሁ፤ በሽታ የሚቋቋመውን ዘረመል አስገባሁ፣ ፍሬ የሚያበላሸውን አስገባሁ፣ አንዱን እርሻ በቀንበጥ ብቻ፣ ሌላውን ጥቂት ከፍሬ የበቀለ ቀላቅዬ ለብዙ ትውልድ አስኬድኩ። ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ፤ መቀላቀሉ ምንም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል። ደጋግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው። አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ለዘይነባ ስልክ ደውዬ ነገርኳት፤ እሷም ለማዳሟ ነገረች።

ዶቃ አላወጣሁም። ትንሿን በእጄ አልሠራሁም። አቡ ራሺድ ሲደውሉ "ኮምፒውተሩ ጥቅም የለውም ብሏል" አልኳቸው። እሳቸውም "አላህ ይስጥህ" ብለው ዘጉ።

ዶክተር የተመለሱ ሳምንት ወደ አል ዐይን ስንሄድ፣ በደንባችን መሠረት የማስረዳው እኔ ሆንኩ። በጣም አምሮልኝ አስረዳሁ። አሸዋዎቹ ጋ ከመድረሳችን በፊት ጨረስኩ።

"የመጨረሻው ዶቃ ከጎረቤቱ የሚለየው መቼ ነው?" አሉኝ።

"እንደ ማንኛውም፣ ዕጣው ሲደርሰው።"

"አሳየኝ።"

መንገድ ዳር አንድ ማደያ ጋ ቆምን። ከቦርሳቸው ክርና ዶቃ አወጡ። ስምንት ዶቃ ደረደርኩ። በስምንት ዶቃ መካከል ሰባት ክፍተት አለ። ፕሮግራሜን ከፍቼ የዕጣውን መስመር አነበብኩ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ይላል። ሰባተኛው ክፍተት በሺህ ትውልድ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተቆረጠም። በሽታ የሚቋቋመውን ዘረመል ያስቀመጥኩት ስምንተኛው ላይ ነው፤ ፍሬ የሚያበላሸው ሰባተኛው ላይ። ሁለቱን እኔው ራሴ ለዘላለም አስሬያቸው፣ መልካሙ በተስፋፋ ቁጥር ክፉውን እየጎተተ እንዲሄድ አድርጌ፣ መቀላቀል ይጎዳል ብያለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን በማርምበት ቀይ እስክሪብቶ የሚከበብ ስህተት።

"አቡ ራሺድ" አልኩ።

"ምን ሆኑ?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

ደወልን፣ አያነሱም። ነዳሁ። ዶክተር አንዴ ብቻ "የፍጥነት ራዳር አለ" አሉኝ።

አል ቃጣራ ስንደርስ ቆፋሪ ማሽኑ እየሠራ ነበር። ከኋላው ዘጠኝ ዛፎች ተጋድመዋል። መኪናዋን መንገድ መሐል ትቼ ሮጬ ከማሽኑ ፊት ቆምኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋ። አቡ ራሺድ ከመስኖው ቦይ ዳር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክኩ።

"አባቴ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። የኮምፒውተሩ አይደለም። አሳስቼዎታለሁ።"

የወደቁትን አዩ። "አባቴ ውኃ የሚያጠጣቸው በጀርባው ተሸክሞ ነበር" አሉ። እንዲቆጡኝ ተመኘሁ። በመጨረሻ ለኦፕሬተሩ "ኸላስ፣ ሂድ" አሉትና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ሥሮቻቸው ያልተሰባበሩ ዛፎች ፈለግን። አራቱን ከነአፈራቸው መልሰን ተከልን፤ ሁለቱ ጸደቁ። ሌሎቹ ሞቱ።

ዶክተር አልገሠጹኝም። ለባልደረቦች የላክሁትን የስሌቴን ረቂቅ ላየ ሰው ሁሉ ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉና ከእኔ ፊርማ በላይ የራሳቸውን ፊርማ አስቀደሙ። "ስህተቱ የእኔ ነው እኮ" አልኳቸው። "አንተ ተሳሳትክ፣ እኔ ደግሞ ለብቻህ ትቼህ ሄድኩ። ሁለት ስህተት ነው፤ ሁለት ፊርማ ይገባዋል።" ከዚያ በኋላ በቢሯችን አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ስሌት ከበር አልወጣም። እኔም እስከ መጨረሻዋ ቀኔ ዶቃ ሳልደረድር ማሽን አልነካሁም።

የታረመው ሞዴል ያወጣውን ዛሬም ስናገረው ደስ ይለኛል። ሳይቀላቀል የኖረው እርሻ ብዙ ዘመን ደህና ይመስልና አዲስ በሽታ ሲመጣ አንድ ላይ ይወድቃል። ሁልጊዜ የሚቀላቀለው ደግሞ በየጊዜው መልካም መልካሙን ይበትናል። ግን ከብዙ ቀንበጥ መሐል ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ከፍሬ የበቀለ ያለበት እርሻ የመቀላቀልን ጥቅም አብዛኛውን ያገኛል። ሌሎች ሊቃውንት በሌላ ፍጥረት ላይ ከእኛ በፊት የደረሱበት ነገር ነው፤ እኛ በአል ዐይን ቴምር ላይ ደረስንበት። ጥጉ ጥቅም ነበረው።

አቡ ራሺድ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ አልደወሉልኝም። የካቲት ላይ፣ ሴቶቹ ዛፎች አበባ ሲከፍቱ፣ ስልኬ ጠራ። "የወንዱን አበባ ይዞ ሴቶቹ ላይ ወጥቶ የሚያዳቅልልኝ ሰው አጣሁ። ትወጣለህ?" አሉ። በሃምሳ ዓመቴ ወገቤ ላይ ገመድ ታስሮ ዛፍ ላይ ወጣሁ። ከታች ሆነው "ግራ! ግራ ነው ያልኩህ!" እያሉ ይጮሁብኛል። ወርጄ ሻይ ሲቀዱልኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይተውኝ "ያን ቀን ከማሽኑ ፊት ስትቆም አልተንቀጠቀጥክም" አሉኝ። የታረቅነው ያኔ ነው።

"አሁን ንገረኝ" አሉ፣ "ስንት ልትከል?"

ነገርኳቸው። በተከታዩ ወር ባዶው ቦታ ላይ ዐሥራ ሁለት ፍሬ ቀበርን፤ እሳቸው ጉድጓዱን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ እኔ እየቆፈርኩ፣ ዶክተር ቁጥሩን በእርሳስ እየጻፉ።

ከፍሬ የተተከለ ቴምር ቶሎ አያፈራም። በመሐሉ ሞዴላችን አደገ፣ ዶክተር አቡ ዳቢ ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ የስህተቱን ታሪክ እኔው እንድናገር አደረጉኝ። ዘይነባ ከማዳሟ ጋር ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ሰባተኛው ክፍተት ላይ ስደርስ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ያን ታሪክ እየሳቅኩ መናገር እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዐሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ጸደቁ፤ አምስቱ ወንድ ሆኑ። አራቱ ሴቶች ሥራ ካቆምኩ በኋላ፣ ባለፈው በጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው አፈሩ። አቡ ራሺድ አሁን ዘጠና አልፈዋል፤ ወንበር ተደርጎላቸው ከጥላው ተቀመጡ። ዶክተር፣ እኔ፣ ዘይነባ ዙሪያቸውን ሆንን። የመጀመሪያውን ቀምሰን ሁላችንም ተፋን። ሁለተኛው ሳር ሳር ይላል። ሦስተኛው ደህና ነው፣ ገበያ ያለው ዓይነት። አራተኛውን አቡ ራሺድ አፋቸው ውስጥ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዘይነባ አንድ ወሰደች፣ ሌላ ወሰደች፣ ሦስተኛ ወሰደች።

"ስም ይውጣለት" አልኩ።

"አንድ በጋ ነው ያፈራው" አሉ አቡ ራሺድ። "ሦስት በጋ ይታይ። ደግሞ አንተ ችኩል ነህ፤ አውቅሃለሁ።"

ዶክተር ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

ወደ አቡ ዳቢ ስንመለስ የመኪናው መሪ የእኔ አልነበረም፤ በእኔ ቦታ የተቀጠረው ሹፌር ይነዳል። እኔና ዘይነባ ከኋላ ተቀመጥን። ከአራተኛው ዛፍ የተለቀመ ካርቱን ሙሉ ቴምር ጭኗ ላይ ይዛለች። አንዱን በላችና ፍሬውን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

"ይኼን ኮምቦልቻ ወስደን ብንተክለው እንዲሁ ይጣፍጣል?"

"አይታወቅም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ሠርተህ፣ አይታወቅም?"

"አዎ። አይታወቅም ነው መልሱ።"

ትከሻዬን እየመታች ሳቀች። ከዚያ ፍሬውን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሌላ ቴምር አነሳች፤ አቡ ዳቢ እስክንደርስ ዐሥራ አምስት ፍሬ ሰበሰበች።